እያየ እንዳላየ የሚሆን ሰው እንዴት ይተወናል? ስለ «አንዳዱን» እና ስለ ሁለቱ መሪ ተዋንያኑ

ጥያቄ፦ «በሐዋሳ አንድ አማተር የቲያትር ክበብ ውስጥ እተውናለሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በምናሳየው አስቂኝ የወንጀል ተውኔት፣ ዓይነ ስውር መስሎ የሚኖርና የአከራዩን ስርቆት በዓይኑ የሚያይ ተከራይ ሆኜ እሠራለሁ። አዘጋጃችን ‹አንዳዱን› የተባለውን የህንድ ፊልም አይተህ አዩሽማን ኩራናን ቅዳው ብሎኛል። ሦስት ጊዜ አየሁት። ዓይንን አፍጥጦ ከመቀመጥ ሌላ ምን ሠርቶ ነው የተሸለመው? ታቡስ ፊቷ እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ለምን ትወደሳለች? እሱ ያደረገውን ዓይነት ሌንስ ልግዛ? መጨረሻ ላይ ቆርቆሮዋን በዘንጉ ሲመታት፣ ጭራሽ ዓይኑ ጠፍቶ አያውቅም ማለት ነው?»

መልስ፦ በመጀመሪያ የጥያቄው መነሻ ይታረም። አዩሽማን ኩራና በአብዛኛው ፊልም የሚጫወተው ዓይነ ስውርን አይደለም። የሚጫወተው አካሽ የሚባል፣ ዓይኑ ደኅና የሆነ፣ ግን ለሙዚቃዬ ይበጀኛል ብሎ ዓይነ ስውር ነኝ እያለ የሚኖር የፒያኖ ተጫዋች ነው። ተዋናዩ የሚጫወተው ራሱ የሚተውን ሰው ነው ማለት ነው። ያንተም ሚና እንደዚያው ነው። «ማየት የተሳነው ሰው ምን ይመስላል?» ብለህ ከተነሣህ ሚናው ገና በመጀመሪያው ልምምድ ያመልጥሃል። መጠየቅ ያለብህ «እያየ እንዳላየ የሚሆን ሰው ያየውን ነገር ሰውነቱ ውስጥ የት ይደብቀዋል?» ብለህ ነው። ፊልሙን ያላዩ አንባቢዎች ደግሞ ይወቁ፤ ከዚህ በታች ታሪኩ እስከ መጨረሻው ይነገራል።

ፊልሙን ያዘጋጀው ሽሪራም ራጋቫን ነው። ለእይታ የበቃው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 5 ቀን 2018 ሲሆን፣ የታሪኩ ዘር በ2010 ከወጣ የፈረንሳይ አጭር ፊልም የተወሰደ ነው። እዚያም ዓይነ ስውር መስሎ የሚሠራ የፒያኖ ቃኚ ማየት የሌለበትን ያያል። ራጋቫን ያንን ዘር ፑኔ ከተማ ላይ ተክሎ ሙሉ ፊልም አደረገው። በሂንዲ «አንዳዱን» ማለት በጭፍን፣ ሳያመዛዝኑ ማለት ነው፤ «አንዳ» ዓይነ ስውር፣ «ዱን» ደግሞ ዜማ ስለሆነ ስሙ ሁለት ጊዜ ይሠራል። የእኛው «ጭፍን» የሚለው ቃል ዓይንን መክደንንም አለማመዛዘንንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ትርጉሙን ያደርስልናል፤ የሚቀርብን ዜማው ነው። በ66ኛው የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ምርጥ የሂንዲ ፊልም ተብሏል፣ ከሌላ ሥራ ተወስዶ በተጻፈ ምርጥ የፊልም ጽሑፍም አሸንፏል፤ ኩራና ደግሞ የምርጥ ተዋናይነቱን ሽልማት ከቪኪ ካውሻል ጋር ተጋርቷል።

አሁን ወደ ትወናው። አካሽ በአንድ ፊልም ውስጥ ሦስት ሰው ነው። የመጀመሪያው ለራሱ ዓላማ የሚያስመስለው ነው። ዓይነ ስውርነቱ እንደ ክት ልብስ የተስተካከለ ነው፤ ጥቁር መነጽሩ፣ ዘንጉ፣ ቀስ ያለ ፈገግታው፣ ሁሉም በቦታው። ሁለተኛው ግድያ ካየ በኋላ ለነፍሱ ሲል የሚያስመስለው ነው። ሦስተኛው ታቡ የምትጫወታት ሲሚ የተባለች ሴት በመድኃኒት በእርግጥ ዓይኑን ያጠፋችው ነው። ደግመህ ስታየው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ እጆቹን ብቻ ተመልከት። አስመሳዩ አካሽ ዕቃ ሲያነሣ እጁ አይስትም። ዓይኑ በእርግጥ የጠፋበት አካሽ ግን ይደናበራል፣ ይጋጫል፣ ይወድቃል። ይህ ስህተት አይደለም። ለዓመታት ሳያይ የኖረ ሰው ቤቱን በእጁና በጆሮው ያውቀዋል፤ አካሽ ግን መልኩን እንጂ ችሎታውን ተምሮት አያውቅም። የትወናው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱ ሰዎች አንድ ፊት ይዘው አይመሳሰሉም።

ልትቀዳው የሚገባ አንድ ትዕይንት ካለ የአፓርታማው ነው። በ1970ዎቹ ታዋቂ የነበረ፣ አሁን ግን ያረጀ የፊልም ተዋናይ ለጋብቻ በዓሉ ሚስቱን ሊያስደስት አካሽን ቤቱ መጥቶ እንዲጫወት ይቀጥረዋል። (ሚናውን የሠራው አኒል ዳዋን ራሱ በዚያ ዘመን መሪ ተዋናይ ስለነበረ የድሮ ዘፈኖቹ በትክክል ይገጥሙለታል።) በሩን የምትከፍተው ሚስቱ ሲሚ ናት። ከማዶ ጎረቤት እያየቻት ስለሆነ ልታባርረው አትችልም፤ ታስገባዋለች። አካሽ ፒያኖው ላይ ይቀመጣል፣ ይጀምራል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ሬሳውን ያያል። ወደ መታጠቢያ ቤት ሲገባ ደግሞ ሽጉጥ የያዘ ሰው ተደብቆ ያገኛል። ተመልሶ ይቀመጣል፤ ይጫወታል። ሁለቱ ከኋላው ሬሳውን ሻንጣ ውስጥ ይከታሉ፣ ደሙን ያብሳሉ፣ በእጅ ምልክት ይጨቃጨቃሉ።

ሳቁ ከየት እንደሚመጣ አስተውል። ገዳዮቹ የሚጨነቁት ለድምፅ ብቻ ነው። እንግዳው አያይም ብለው ስላመኑ ሬሳ መደበቅ አያስፈልጋቸውም፤ ኮቴያቸውን መደበቅ ግን አለባቸው። ስለዚህ ነፍሰ ገዳዮች በእግር ጣታቸው እንደ ሕፃን ሌባ ይራመዳሉ፣ ፒያኖው ደግሞ ደስ የሚል ዜማ ያፈሳል። አካሽ ምንም የሚያስቅ ነገር አያደርግም። ሥራው ጣቶቹ እንዳይቆሙ ማድረግ ብቻ ነው። ኩራና ለዚህ ሚና ፒያኖ ተምሮ ራሱ ስለተጫወተ፣ ካሜራው ከፊቱ ወደ እጁ ሳይቆረጥ መውረድ ይችላል፤ እጅና ፊት በአንድ ምስል ውስጥ ሲታዩ ድንጋጤው የት እንደገባ እናያለን። ፊቱ ላይ የለም። ትከሻው ላይና ትንፋሹ ላይ አለ፤ ትንፋሹ ለአንድ አፍታ ይያዛል፣ ዜማው ግን ይቀጥላል። ላንተም የሚያስፈልግህ ይህ ነው፤ ስታይ ሊቆም የማይገባው የእጅ ሥራ። ክራር የምትችል ከሆነ ክራር ይሁን። ካልቻልክ ነጭ ሽንኩርት ላጥ፣ ክር ጠቅልል። ምስር መልቀም ግን አይሆንም፤ ያለ ዓይን አይለቀምምና ተመልካቹ ውሸትህን ገና ከመድረኩ ጫፍ ይይዘዋል።

ዓይንን ማፍጠጥ የጀማሪዎች ሁሉ ስህተት ነው። ያፈጠጠ ዓይን ይደርቃል፣ ያነባል፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በኃይል ይርገበገባል። ከዚያ ይልቅ የዓይንን አሠራር እወቅ። ዓይን ያለማቋረጥ ለስልሶ የሚንቀሳቀሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲከተል ብቻ ነው፤ የሚከተለው ነገር ከሌለ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ጓደኛህ ፊትህ ተቀምጦ ይይህና ባዶ ግድግዳ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በዓይንህ ቀስ ብለህ መስመር ለመሳል ሞክር፤ ዓይንህ ሲዘል ያያል። ከዚያ ጣቱን በዚያው ፍጥነት ሲያንቀሳቅስ ተከተለው፤ እንደ ዘይት ይፈሳል። አስመሳይን የሚያጋልጠው ይህ የሚፈስ አካሄድ ነው። ሰው ከፊትህ ሲያልፍ ዓይንህ ከተከተለው አለቀ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከተመልካቹ በስተ ኋላ ሩቅ ያለ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ምረጥ፣ ዓይንህን እዚያ አሳርፍ፣ የሚያልፈውን ሰው በዓይንህ ጠርዝ ብቻ ተቀበል። ጭንቅላትህን ማዞር ካለብህ ድምፁን ከሰማህ በኋላ፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይተህ፣ ጆሮህን እያስቀደምክ አዙር።

ፊት ላይ በድንገት የሚመጣን ነገር አይቶ አለመርገብገብ ግን ለማንም አስቸጋሪ ነው። ከባድ ድምፅ ሲሆን ደግሞ የዓይን ሽፋን ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ይዘጋል፤ ፈቃድ ሳይደርስበት። ስለዚህ አትታገለው፤ ሽፋን ስጠው። ዓይነ ስውርም በድምፅ ይደነግጣል። አከራይህ የተሰረቀውን ዕቃ የሚያወጣበትን ቅጽበት ከአንድ ሌላ ድምፅ ጋር፣ ለምሳሌ ከሚወድቅ ክዳን ጋር እንዲያገናኘው አዘጋጅህን ለምነው። ያኔ ድንጋጤህ ለአከራዩ የክዳኑ ነው፣ ለተመልካቹ ግን የዕቃው ነው። አንድ ድንጋጤ ሁለት ትርጉም ሲይዝ አዳራሹ ይስቃል።

ስድስት ሳምንቱን እንዲህ ክፈለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ዓይንህን በጨርቅ ሸፍነህ፣ ሰው አጠገብህ ቆሞ፣ ቤት ውስጥ ሥራ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ከጆግ ወደ ብርጭቆ ቅዳ፣ ቁልፍ ፈልግ፣ ጋቢ እጠፍ። ምድጃና ትኩስ ነገር አትንካ፣ ደረጃ ላይ አትውጣ። በሦስተኛው ሳምንት ጨርቁን አውልቀህ እነዚያኑ ሥራዎች ዓይንህን ገልጠህ ሥራቸው። እጅህ ወዲያውኑ ይፈጥናል፤ ወደ ቀድሞው ፍጥነቱ መልሰው። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ብዙ ተዋንያን የሚሰንፉትም እዚህ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት የእጅ ሥራህን ይዘህ ተቀመጥና ጓደኞችህ ከፊትህ የማትጠብቀውን ያድርጉ፤ ይውደቁ፣ ልብስ ይለዋወጡ፣ ቢላ ያሳዩህ። የእጅህ ምት በተሰበረ ቁጥር አንዱ ያጨብጭብ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጭብጨባው ከሦስት እስኪያንስ አትሂድ። ስድስተኛው ሳምንት የሙሉ ተውኔቱ ነው።

በመድረካችን ሁልጊዜ የሚበላሸው ሌላው ነገር መመራት ነው። መሪው ዓይነ ስውሩን በአንጓው ይዞ ይጎትተዋል። ትክክለኛው የተገላቢጦሹ ነው፤ የሚመራው ሰው የመሪውን ክንድ ከክርኑ በላይ ይይዛል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይሄዳል፣ መታጠፉንና ደረጃውን ከመሪው ሰውነት ያነባል። ነጩ ዘንግ ሲቆም ደረት አካባቢ ይደርሳል። ሲሄዱበት ጫፉ ከትከሻ ስፋት ጥቂት አልፎ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል፣ መሬቱንም የሚነካው ከሚራመደው እግር በተቃራኒው በኩል ነው። ቀኝ እግር ሲቀድም ጫፉ ግራ ነው። ይህን የሚያስተካክልልህ ፊልም ሳይሆን በዘንግ የሚሄድ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ በእሱ በኩል አንድ ሰው ልምምዳችሁን መጥቶ እንዲተች ጋብዙ፣ ለጊዜውም ክፈሉት። አደባባይ ወጥተህ ዓይነ ስውር መስለህ መለማመድ ግን በፍጹም የለብህም። መኪናው አያውቅህም፤ መንገድ ያሻገረህ ሰው ደግሞ የተታለለ ዕለት ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ዓይነ ስውር ይጠራጠራል።

ሌንሱን አትግዛ። ኩራና እይታውን በእጅጉ የሚቀንስ ሌንስ ማድረጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ካሜራ ከዓይን አንድ ክንድ ርቆ ይቀርጻል፣ አዳራሽ ውስጥ ያለ ተመልካች ግን የዓይንህን ቀለም ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ አይለየውም። ጥቅሙ ለመድረክ ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ትልቅ ነው። በዓይን ሐኪም ሳይለካ የተደረገ ሌንስ የዓይንን ብሌን ይፍቃል፣ ፍቆቱ ይመረቅዛል፣ ጠባሳው እይታን ለዘለቄታው ሊወስድ ይችላል። በቧንቧ ውኃ ማጠብ፣ ከጓደኛ ጋር መዋዋስ፣ አድርጎ መተኛት እያንዳንዱ ለብቻው በቂ አደጋ ነው። በዚያ ላይ ከመድረክ ጫፍ መውደቅ አለ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ዓይንህ አሁንም ካስቸገረህ ጥቁር መነጽር አድርግ፤ አካሽም ያደርገዋል።

ወደ ታቡ እንምጣ፤ ምክንያቱም ከሁለቱ ይበልጥ የምትማርበት እሷን ይመስለኛል። «ፊቷ አይንቀሳቀስም» ያልከው ትክክል አይደለም፤ የሚንቀሳቀሰው ለሚያያት ሰው ብቻ ነው። ለፖሊስ ታለቅሳለች፣ ለጎረቤት ፈገግ ትላለች፣ ለባሏ ትሽኮረመማለች። አካሽ ፊት ስትሆን ግን አያይም ብላ ስለምታምን ፊቷን ታሳርፈዋለች፤ ድምፅዋ ብቻ ይተውናል። ስለዚህ በነዚያ ትዕይንቶች ድምፅዋና ፊትዋ ተለያይተው ይሄዳሉ። ቃሏ ሞቅ ያለ የቤት እመቤት ነው፣ ዓይኗ ሻንጣውን ይለካል። ይህን ለማየት ቀላል ዘዴ አለ፤ የአፓርታማውን ትዕይንት አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተህ እይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጀርባህን ሰጥተህ ድምፁን ብቻ ስማ። ሁለት የተለያዩ ሴቶች ታገኛለህ። ታቡ ከዚህ ፊልም በፊት በ1996 እና በ2001 በወጡ ፊልሞች ሁለት ጊዜ የብሔራዊ ምርጥ ተዋናይት ሽልማት ያገኘች ናት፤ እዚህ ግን ያን ሁሉ ልምድ ያዋለችው በመቀነስ ላይ ነው።

ሲሚ የምታስቀውም ክፋቷን ስለማታውጅ ነው። ግድያ ለእሷ የቤት ሥራ ነው። አንድ ችግር ይመጣል፣ ታስወግደዋለች፣ መፍትሔው ሌላ ችግር ይወልዳል። ያየችውን ለፖሊስ የተናገረችውን አሮጊት ጎረቤት ከፎቅ ስትገፋት ፊቷ ላይ የሚነበበው ጥላቻ ሳይሆን የሥራ ብዛት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተደብቆ የነበረው፣ ማናቭ ቪጅ የሚጫወተው ውሽማዋም እንዲሁ ነው። ግዙፍ የፖሊስ መኮንን ነው፣ ሽጉጥ አለው፣ ሚስቱን ግን ይፈራል። አካሽ ግድያውን ሊያመለክት ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ የሚያገኘው ራሱን ገዳዩን ነው፤ ያኔም ማንም ድምፁን አይጨምርም፣ ማንም ዓይኑን አያጉረጠርጥም። የእናንተ አከራይ ወፍራም ድምፅ አውጥቶ እየሳቀ የሚሰርቅ ከሆነ ተውኔታችሁ ሞቷል። ዕቃውን እንደ ግሮሰሪ አስቤዛ ያስቀምጠው፤ የቱ ጋ እንደሚቀመጥ ይጨነቅ። ራዲካ አፕቴ የምትጫወታት ሶፊ ደግሞ የውሸቱ ዋጋ የሚታይባት ቅን ሰው ናት። ጽሑፉ ለእሷ የሰጣት ሥራ አነስተኛ ነው፣ ግን በእናንተም ተውኔት ውስጥ አንድ የሚያምንህ ሰው ከሌለ ማታለልህ ክብደት አይኖረውም።

የቆርቆሮዋ ጉዳይ። ከሁለት ዓመት በኋላ አካሽ አውሮፓ ውስጥ ሶፊን ያገኛትና የሆነውን ይተርክላታል። ሲሚን ያፈነ አንድ ሐኪም ጉበቷን ለአንድ የዱባይ ባለጸጋ ሊሸጥ፣ የዓይኗን ብሌን ለእሱ ሊሰጠው አስቦ እንደነበር፣ እሱ ግን እንዳልተስማማ፣ መጨረሻ ላይ ሲሚ በመኪና ልትገጨው ስትመጣ አንዲት ጥንቸል ዘልላ መስታወቱን እንደመታችና መኪናው እንደተገለበጠ ይነግራታል። ሶፊ ከሄደች በኋላ መንገዱ ላይ ያለችውን ቆርቆሮ በዘንጉ መትቶ ያስወግዳል። ይህ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያች ሰዓት ያያል። በመሐል ዓይኑ አልጠፋም ነበር ለማለት አይበቃም፤ በመድኃኒቱ ከታወረ በኋላ ብቻውን የሚደናበርባቸው ትዕይንቶች ይህን ይቃወማሉ። የሚጠረጠረው ለሶፊ ከነገራት ውስጥ የመጨረሻው ክፍል ነው። ፊልሙ በጥንቸል አደን ይጀምራል፣ የዘንጉ እጀታም የጥንቸል ራስ ነው፤ ጥንቸሏ የታሪክ ፈጣሪ ሰው ምርጫ ትመስላለች። በሕክምናው በኩል ግን ፊልሙን አትመን። የብሌን ንቅለ ተከላ የሚረዳው ጉዳቱ ብሌኑ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፣ ብሌኑም የሚወሰደው ከሞቱ ለጋሾች ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የዓይን ባንክ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ማፈን አያስፈልግም።

የኔ ምክር ይህ ነው። ኩራናን አትቅዳው፤ አሠራሩን ውሰድ። ፊልሙን ለአራተኛ ጊዜ ሙሉውን አትየው፣ የአፓርታማውን ትዕይንት ብቻ ስድስት ጊዜ እይ፤ ሁለቱን ለእጁ፣ ሁለቱን ለትንፋሹ፣ ሁለቱን ለታቡ ፊት። ቆርቆሮዋን የምትመስል መጨረሻ ተውኔታችሁ ውስጥ ካለች ደግሞ፣ ተከራዩ የትኛውን እውነት እንደተናገረ የትኛውን እንደዋሸ አንተና አዘጋጅህ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ወስናችሁ በወረቀት ጻፉት። አብረውህ ለሚተውኑት አትንገራቸው፤ ካወቁ ፊታቸው ላይ ይታያል።